የግራፊቲ ካርታ፦ የተጻፈበት ቦታ ወይስ የተደወለበት?

ጥያቄ፦ «ዋሽንግተን ዲሲ የጂአይኤስ (የኮምፒውተር ካርታ ሥራ) ማስተርስ ተማሪ ነኝ። የመጀመሪያ ዲግሪዬን የሠራሁት አዲስ አበባ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፌ፣ ያለ ፈቃድ የሚጻፍና የሚሣል ግራፊቲ ከተማው ውስጥ የት የት እንደሚበዛ ካርታ እየሠራሁ ነው። በ311፣ ማለትም በከተማው የአገልግሎት ጥያቄ መስመር፣ የተመዘገቡትን ‹ግራፊቲ አጥፉልን› የሚሉ ጥያቄዎች አውርጄ ሂት ማፕ (ነጥብ በበዛበት የሚቀላ ካርታ) ሠራሁ። ዩ ስትሪትና 14ኛው መንገድ አካባቢ ደም መሰለ። ግን በየቀኑ በቀዩ መስመር ባቡር ስመላለስ፣ ከዩኒየን ስቴሽን እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ግድግዳው ሁሉ ፊርማና ሥዕል ነው። ካርታዬ ላይ ያ ቦታ ባዶ ነው። መረጃው ነው የተሳሳተው ወይስ እኔ? ከወንጀል ካርታ ጋር ደርቤም ግንኙነቱን ላሳይ አስቤያለሁ። አማካሪዬ ‹ሲስተማቲክ አይደለም› አሉኝና ግራ ገባኝ። በኋላም አዲስ አበባ ላይ ብሞክረው ደስ ይለኛል። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦ መረጃው አልተሳሳተም። ዋናው ችግር ያንቺ ስሌትም አይደለም። የተሳሳተው የካርታሽ ርዕስ ነው። «የግራፊቲ ሥርጭት» የሚለውን ሰርዘሽ «የግራፊቲ አቤቱታ ሥርጭት» ብትይው ካርታው እውነቱን ይናገራል። እንዳለ ከተውሽው ግን ያሳስታል። አማካሪሽም ያሉሽ ይህንኑ ይመስለኛል፤ ወደሱ እመለሳለሁ።

አንድ ፊርማ ግድግዳ ላይ ከተጻፈ በኋላ ያንቺ ስክሪን ላይ ነጥብ እስኪሆን ስንት ወንፊት እንደሚያልፍ ቁጠሪ። ሰው ማየት አለበት። ያየው ሰው መናደድ አለበት። የተናደደው ሰው መንግሥት መጥቶ ያጠፋልኛል ብሎ ማመን አለበት። 311 የሚባል ነገር መኖሩን ማወቅ፣ ደውሎ መጠበቅ ወይም አፑን መክፈት፣ አድራሻውንም አስተካክሎ መናገር አለበት። ግድግዳውም የከተማው ሠራተኛ ሊነካው የሚችል መሆን አለበት። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ ነጥብ የለም። ግራፊቲው ግን እዚያው አለ።

ዘጠነኛው መንገድ ላይ፣ የሐበሻ ሬስቶራንቶች ካሉበት ብዙ ሳይርቅ፣ ሱቅ ያለው ወዳጅ አለኝ። ከጓሮ በሩ ኋላ አንድ ጋሎን ግራጫ ቀለምና ሮለር ያስቀምጣል። ጠዋት ሲከፍት አዲስ ፊርማ ካገኘ ካፖርቱን ሳያወልቅ ይቀባዋል። አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም። አንድ ቀን «311 ደውለህ ታውቃለህ?» አልኩት። «ለምን ብዬ? ቀለሙ አለ አይደል እንዴ» አለኝ። ግድግዳውን ጠጋ ብለሽ ብታዪው ድሪቶ ይመስላል። እዚህ ጋ ጠቆር ያለ ግራጫ፣ እዚያ ጋ ነጣ ያለ፣ ከታች ደግሞ ቀለሙ አልቆበት በሌላ ጣሳ የጨረሰው ቡናማ። እያንዳንዷ እራፊ አንድ ጊዜ ግራፊቲ የነበረባት ቦታ ናት። ከተማው መዝገብ ውስጥ ግን ያ ግድግዳ ንጹሕ ነው፤ አንድም ጥሪ የለበትም። ሁለት ብሎክ አልፎ ያለ አዲስ ኮንዶ ውስጥ የሚኖር ሌላ ሰው ደግሞ ውሻውን ሊያናፍስ በወጣ ቁጥር የመብራት ምሰሶ ላይ ያየውን ስቲከር ሁሉ ፎቶ አንሥቶ ይልካል። እንዲህ ያለ አንድ ትጉህ ሰው ብቻውን ሆትስፖት (የቀላ ቦታ) ሊሠራልሽ ይችላል።

ቋንቋም አለበት። በ2004 በወጣው የዲሲ የቋንቋ ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች ከሚያስተናግዱባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።) መብቱ መኖሩና ሰው ስልክ ማንሣቱ ግን ለየቅል ናቸው። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር ባልተነካካሁ የሚል ሰው ስለ ግድግዳ ብሎ አይደውልም።

አሁን ወደ ባቡሩ እንምጣ። ያ መስመር ከመሬት በላይ ሲሄድ ጎኑ የጭነት ባቡር ሐዲድ አለ። የምታዪው ግድግዳ የመጋዘን ጀርባ፣ የድልድይ እግርና የድጋፍ ግንብ ነው። ባለቤቱ አንዳንዱ ጋ ሜትሮው፣ አንዳንዱ ጋ የባቡር ኩባንያው፣ ሌላው ጋ የግል ባለንብረት ነው። ወደ ሐዲዱ የዞረው ፊቱ አድራሻ የለውም። ተሳፋሪው ለሁለት ሰከንድ አይቶት ያልፋል። «ከፎርት ቶተን ትንሽ ወረድ ብሎ፣ በግራ በኩል» ብሎ የሚደውል ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ቢደወልም የከተማው ቀቢ ሐዲድ ውስጥ አይገባም። የፌዴራሉ የፓርኮች አገልግሎት መሬትም ያው ነው። ዲሲ ውስጥ ብዙ ቦታ የያዘው እሱ ነው፤ የራሱ አሠራርም አለው።

ለጸሐፊዎቹ ግን ከዚህ የተሻለ ግድግዳ የለም። (ራሳቸውን «ራይተር» ነው የሚሉት፤ እኔም ጸሐፊ እላቸዋለሁ።) ብዙ ሰው በቀን ሁለቴ ያየዋል፤ ቶሎም አይጠፋም። ዲሲ ውስጥ በ1980ዎቹና በ90ዎቹ ስሙ የገነነው ጸሐፊ «ኩል ዲስኮ ዳን» የታወቀው በዚሁ በቀዩ መስመር ዳር ነው። በ2017 ሲሞት የከተማው ጋዜጦች እንደ ታዋቂ ሰው ዜና ዕረፍቱን ጽፈዋል። ያንቺ ካርታ ግን እሱን አያውቀውም። የከተማው የግራፊቲ ታሪክ ዋና መንገድ ካርታው ላይ ባዶ ከሆነ፣ ባዶው ቦታ ራሱ አንድ ነገር እየነገረሽ ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ የተሳሳተ ግምት አለ፤ አንቺ ባትጽፊውም ከተማሪዎች ብዙ ጊዜ እሰማዋለሁ። «ግራፊቲ የበዛበት ሰፈር የጸሐፊዎቹ ሰፈር ነው» ይላሉ። ኒውዮርክ ውስጥ በ1971 ኒውዮርክ ታይምስ የጻፈለትን «ታኪ 183» ውሰጂ። 183 የሚኖርበት መንገድ ቁጥር ነው፤ ከማንሃተን ሰሜን ጫፍ። ሥራው ግን ተላላኪነት ነበር። ዕቃ ሊያደርስ በሄደበት ሁሉ ስሙን ይጽፋል። ስለዚህ ስሙ የተገኘው ሰፈሩ ውስጥ ብቻ አልነበረም፤ ከተማው ውስጥ ሥራው ያደረሰው ቦታ ሁሉ ነበር። ግራፊቲ የሰውን መንገድ ይከተላል፤ አውቶቡሱን፣ ባቡሩን፣ ሌሊት የሚዘጋውን መጠጥ ቤት። የነዋሪ ብዛት ካርታ ደርበሽ «ይህ ሕዝብ የበዛበት፣ ያ ግራፊቲ የበዛበት» ብትይ ብዙም አይነግርሽም። ማካፈል ካለብሽ ለግድግዳ ርዝመት አካፍዪ። ግድግዳ የሌለበት ሰፈር፣ የግቢ ሣርና የእንጨት በረንዳ ብቻ ያለበት፣ ግራፊቲ የሌለው ነዋሪው ጨዋ ስለሆነ ላይሆን ይችላል። የሚጻፍበት የለማ።

እስካሁን ያልኩት ስለ መረጃው ነው። ከስሌቱ በኩል ደግሞ፣ ሥራሽን ባላይም፣ የምጠረጥራቸው ሦስት ነገሮች አሉ።

አንደኛው አድራሻ ነው። ዲሲ በአራት ማዕዘን፣ ማለትም በአራት ክፍል፣ እንደተከፈለች ታውቂያለሽ። ሰባተኛው መንገድ ሰሜን ምዕራብ አለ፣ ሰሜን ምሥራቅ አለ፣ ደቡብም አለ። ማዕዘኑ የተዘለለ አንድ አድራሻ ነጥብሽን ከተማው ሌላ ጫፍ ላይ ይጥለዋል። ከዚህ የባሰው የጓሮው መተላለፊያ ነው፤ ሁላችንም «አሊ» የምንለው። ዲሲ ብሎኮቿ መሐል በአሊ የተሞላች ከተማ ናት። ጽሑፉ ያለው የሕንፃው ጀርባ ላይ፣ ቆሻሻ ገንዳው አጠገብ ነው። ደዋዩ የሚሰጠው አድራሻ ግን የፊት በሩን ነው። ስለዚህ ዩ ስትሪት ላይ ካየሽው ቀይ የተወሰነው ጭራሽ ዩ ስትሪት ላይ አይደለም፤ ከኋላው ነው። ይህ ትንሽ ስህተት አይደለም፤ «ግራፊቲ ዋና መንገድ ይወዳል» ወደሚል ድምዳሜ ይወስድሻል።

ሁለተኛው ፕሮጀክሽን፣ ክቡን መሬት በጠፍጣፋ ካርታ ላይ የሚያስቀምጠው ስሌት፣ ነው። አዲስ አበባ የተማረ ሰው እዚህ መጥቶ የሚሳሳተው በዚህ ነው። ከኢንተርኔቱ ካርታ ጋር የሚመጣውን ዌብ መርካቶር ሳትቀይሪ ርቀት ከለካሽ፣ አዲስ አበባ ላይ 100 ሜትር ያልሽው በመሬት 99 ገደማ ነው። ማንም አይነቃበትም። ይህ ፕሮጀክሽን ከምድር ወገብ በራቁ ቁጥር ይለጥጣል፤ ከተማዋ ያለችው ደግሞ ለምድር ወገብ ቅርብ፣ 9ኛው ዲግሪ ላይ ነዋ። ዲሲ ግን 39 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። እዚህ 100 ሜትር ያልሽው በመሬት 78 ነው። ስፋት ሲሆን ደግሞ አንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያልሽው 0.6 ብቻ ነው። ከተማው ራሱ የሚጠቀምበትን የሜሪላንድ ስቴት ፕሌን (የአካባቢው ፕሮጀክሽን) በሜትር፣ ኮድ 26985፣ አስገቢና ከዚያ በኋላ ለኪ።

ሦስተኛው ማለስለሻው ነው። ሂት ማፕ የሚያምረው ነጥቦቹን ስለሚያፈሳቸው ነው። የማለስለሻውን ርቀት 500 ሜትር ካደረግሽው ሁለት ብሎክ ሙሉ ሰፈር ይሆናል። 50 ካደረግሽው ደግሞ ኩፍኝ የወጣበት ሰው ይመስላል። ትክክለኛ ቁጥር የለም፤ በየትኛው ርቀት እንደሠራሽና ለምን እንደመረጥሽው መጻፍ ግን ግዴታሽ ነው። ደግሞም ግራፊቲ ሜዳ ላይ አይፈስም፤ በመንገድ ላይ ይሄዳል። እኔ ብሆን ሂት ማፑን ትቼ እያንዳንዱን የመንገድ ክፍል ከመስቀለኛ እስከ መስቀለኛ በቀለም እለየው ነበር። ያን ያህል አያምርም። ግን ያልነበረ ነገር አይጨምርም።

ድንበሩንም አትርሺ። ጆርጂያ አቬኑ ኢስተርን አቬኑን ተሻግሮ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲገባ ክልሉ ሜሪላንድ ነው፤ የሞንትጎመሪ ካውንቲ የራሱ 311 አለው። ያንቺ ካርታ እዚያ ላይ ጸጥ የሚለው ግራፊቲው ስላለቀ አይደለም፤ መዝገቡ ስላለቀ ነው። ጸሐፊ ድንበር አይጠይቅም።

ጊዜን በሚመለከት ብዙ ሳልል የማላልፈው አንድ ነገር አለ። ግራፊቲ ሕንፃ አይደለም። ዛሬ ይጻፋል፣ ነገ ይቀባል፣ ከነገ ወዲያ ይደገማል። ቶሎ የሚጠፋበት ግድግዳ ላይ በዓመት ሃያ ጊዜ ቢጻፍ፣ አንቺ ስታልፊ ምንም ላታዪ ትችያለሽ። ማንም የማይነካው ግድግዳ ላይ አንዴ ከተጻፈ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ታዪዋለሽ። የመጀመሪያው ብዙ የሚጻፍበት ነው፣ ሁለተኛው ብዙ የሚታይበት። ሁለቱን ካምታታሽ ካርታው የቀቢዎቹን ትጋት እንጂ የጸሐፊዎቹን አይለካም። የኒውዮርክ ምድር ባቡር ጥሩ ትምህርት ነው። ከ1984 ጀምሮ፣ አንድ ባቡር ከጸዳ በኋላ ከተጻፈበት እስኪጸዳ አይሄድም ተባለ። በግንቦት 1989 ግራፊቲ ያለበት የመጨረሻው ባቡር ከሥራ ወጣ። ያኔ የባቡሩን ብቻ ካርታ የሠራ ሰው «ግራፊቲ ጠፋ» ይል ነበር። ጸሐፊዎቹ ግን ወደ ግድግዳ፣ ወደ ጣሪያ ጫፍና ወደ ጭነት ባቡር ዞሩ። 311 ላይ «ተዘግቷል» የሚለው ቀንም ግድግዳው የተቀባበት ቀን ነው ብለሽ አትመኚ። የባለንብረቱ ፈቃድ ስላልመጣም ሊዘጋ ይችላል። ክረምት ላይ ደግሞ በብርድ ቀለሙም ማጽጃ ኬሚካሉም በደንብ ስለማይሠራ ይዘገያል።

«ያለ ፈቃድ» የሚለው ቃልሽ ደግሞ ከምታስቢው በላይ ከባድ ነው። ፈቃድ ግድግዳ ላይ አይታይም። ዲሲ ውስጥ «ሙራልስ ዲሲ» የሚባለው ፕሮግራም በ2007 የተጀመረው ሕገወጥ ጽሑፍ የሚደጋገምባቸውን ግድግዳዎች በሕጋዊ ሥዕል ለመተካት ነው። ብዙዎቹ ሠዓሊዎች በስፕሬይ የሠለጠኑ ናቸው፤ አጻጻፋቸውም ከመንገዱ ጋር አንድ ነው። ፎቶ አይቶ የሚለይ ሶፍትዌር አንዱን ከሌላው አይለይም። አንቺም ላትለዪ ትችያለሽ። በተቃራኒው ኒውዮርክ፣ ኩዊንስ ውስጥ «ፋይቭ ፖይንትስ» የሚባለው ሕንፃ ላይ የተሣለው በባለቤቱ ፈቃድ ነበር። ባለቤቱ በ2013 ሌሊቱን ነጭ አስቀባው። በ2018 የፌዴራል ዳኛ ለ21 ሠዓሊዎች 6.7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈረዱላቸው፤ በ2020 ይግባኝ ሰሚውም አጸናው። ከውጭ ለሚያይ ሰው ያ ሕንፃ «የግራፊቲ መናኸሪያ» ነበር። ስለዚህ ሠንጠረዥሽ ውስጥ ሦስት መልስ ይኑር፦ ፈቃድ እንዳለው የታወቀ፣ እንደሌለው የታወቀ፣ ያልታወቀ። ሦስተኛውን ለመሙላት አትፈሪ። የሚበዛው እሱ ነው።

ዓይነቱንም ለዪ። በአንድ ትንፋሽ የተጻፈ ፊርማ፣ በሁለት ቀለም የተነፋ ትልቅ ፊደል፣ ሰዓታት የፈጀ ሥዕል፣ ስቴንስል (በተቆረጠ ቅርጽ የተነፋ)፣ ስቲከር፣ በሙጫ የተለጠፈ ወረቀት፣ መስታወት ላይ የተጫረ። ሁሉም የራሱ ቦታ አለው። ስቲከር የትራፊክ ምልክት ጀርባ ይወዳል። ሰዓታት የሚፈጀው ሥዕል ሰው የማይመጣበት ጥግ ይፈልጋል። ሁሉንም በአንድ ነጥብ ከሰበሰብሽ ማንንም የማይመስል አማካይ ታገኛለሽ።

ከወንጀል ካርታ ጋር መደረቡን ተዪው። ይህን ሳላመነታ ነው የምልሽ። ሁለቱም ካርታዎች በአብዛኛው ከሰው ጥሪ የመጡ ናቸው። ብዙ የሚደውል ሰፈር በሁለቱም ላይ ይቀላል። ብዙ ሰው የሚያልፍበት መንገድም በሁለቱም ላይ ይቀላል። ግንኙነት ታገኛለሽ፤ እርግጠኛ ነኝ። ግን የምታገኚው የስልክና የእግረኛ ብዛት ጥላ ነው። «ግራፊቲ ወንጀል ይጠራል» የሚለው ሐሳብ በ1982 ዊልሰንና ኬሊንግ ስለ ተሰበረ መስኮት (ትንሽ ብልሽት ካልተጠገነ ትልቅ ወንጀል ይከተላል ብለው) ከጻፉት ጀምሮ ሰው አፍ ውስጥ አለ። ብዙ ጊዜ ማስረጃ ተብሎ የሚጠቀሰው ሆላንድ ውስጥ ግሮኒንገን ላይ የተሠራውና በ2008 የታተመው ሙከራ ነው። ብስክሌት ማቆሚያ ያለበት መተላለፊያ ውስጥ፣ እጀታው ላይ ወረቀት አንጠለጠሉ። ግድግዳው ንጹሕ ሲሆን 33 ከመቶው ወረቀቱን መሬት ጣለ። ግራፊቲ ሲኖርበት 69 ከመቶው። ጥሩ ሙከራ ነው። ግን ወረቀት መጣል ዝርፊያ አይደለም። እዚያም ግራፊቲውን የጻፉት ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ስለሆኑ ሌላውን ነገር ሁሉ መቆጣጠር ችለዋል፤ አንቺ ያንን ማድረግ አትችይም። በተጨማሪ፣ እንዲህ ያለ ካርታ አንዴ ከወጣ የሚያነቡት አስተማሪዎችሽ ብቻ አይደሉም። ፖሊስም፣ ኢንሹራንስም፣ ኪራይ የሚጨምር ባለንብረትም ያዩታል።

እንግዲህ «ሲስተማቲክ» ወደሚለው ልመለስ። ብዙ ነጥብ ሰብስቢ ማለታቸው አይመስለኝም። ያልተገኘበትን ቦታም መዝግቢ ማለታቸው ነው። 311 ባዶ ቦታ ሲያሳይሽ «ታይቶ አልተገኘም» ይሁን «ማንም አላየም» አይነግርሽም። አንቺ ራስሽ ሄደሽ ዜሮ ስትጽፊ ግን ዜሮው መረጃ ነው። ልዩነቱ ያ ነው፤ ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው።

ስለዚህ እግርሽን ተጠቀሚ። ከከተማው መንገድ ካርታ ላይ 120 የመንገድ ክፍል በዕጣ አውጪ፦ 30 የንግድ መንገድ፣ 30 የመኖሪያ፣ 30 አሊ፣ 30 ደግሞ በሐዲዱ ዳር የሚሄደው የሜትሮፖሊታን ብራንች የእግርና ብስክሌት መንገድና አካባቢው። ዕጣው ያወጣውን አትቀይሪ። «ይቺ ምንም የላትም፣ ልለፋት» ያልሽ ቀን ሥራው ተበላሸ። የክፍሉን ሁለቱንም ጎን ሂጂ። ለእያንዳንዱ ጽሑፍ ዓይነቱን፣ የተጻፈበትን ነገር (ጡብ፣ ተጠቅላይ የብረት በር፣ የኤሌክትሪክ ሣጥን፣ የምልክት ጀርባ)፣ ሰው ቆሞ የሚደርስበት ከፍታ ይሁን አይሁን፣ የፈቃዱን ነገርና ቀኑን መዝግቢ። የተቀቡትን እራፊዎችም ቁጠሪ፤ የወዳጄ ግድግዳ ወደ ካርታሽ የሚገባው በዚህ ብቻ ነው። ኮቦ ቱልቦክስ የሚባለው የመረጃ መሰብሰቢያ አፕ ስልክሽ ላይ ይበቃሻል፤ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የስልኩን ጂፒኤስ ግን ሕንፃ መሐል አትመኚው፤ መንገዱን ተሻግሮ ሊጥልሽ ይችላል። የክፍሉን ቁጥርና ጎኑን ራስሽ ምረጪ። ከአራት ሳምንት በኋላ ደግመሽ ሂጂ፣ ከስምንት ሳምንት በኋላም እንዲሁ። አንድ ጓደኛሽ ከ120ዎቹ አሥራ ሁለቱን ያንቺን ቁጥር ሳያይ ይቁጠርልሽ። ካልተስማማችሁ የቸገረው ትርጓሜው ነው፤ ከመቀጠልሽ በፊት አስተካክዪው።

ጉግል ስትሪት ቪው ያለፈውን ለማየት ይረዳል፤ ግን መኪና ያለፈበት ቀን ከመንገድ መንገድ ይለያያል፣ አሊ ውስጥ ደግሞ እምብዛም አይገባም። እንደ ተጨማሪ ተጠቀሚበት እንጂ አትደገፊበት።

ከዚያ 311ን መልሰሽ አምጪው። አሁን ነው የሚጠቅመው። ያንቺ ቆጠራ ካገኛቸው ጽሑፎች ውስጥ ስንቱ ተደውሎባቸዋል? እንበል አንዱ ሰፈር ውስጥ አርባ አግኝተሽ ሃያው ላይ ተደውሏል፤ ሌላው ጋ አርባ አግኝተሽ ሁለቱ ላይ ብቻ። ይህ ጥምርታ ከየትኛውም ሂት ማፕ የበለጠ ነገር ይዟል። ከተማው ለማን እንደሚቀባና ለማን እንደማይቀባ ያሳያል። መመረቂያ ጽሑፍሽን እዚህ ላይ ገንቢው። ለስታቲስቲክሱ ዜሮ ስለሚበዛ ኔጋቲቭ ባይኖሚያል (ለተበተነ ቆጠራ የሚሆን) ሞዴል ተጠቀሚና የግድግዳውን ርዝመት እንደ መነሻ (ኦፍሴት) አስገቢው። ከዚህ በላይ መራቀቅ በ120 ክፍል አያስኬድም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። ሐዲድ ውስጥ እንዳትገቢ። የሜትሮው ሦስተኛ ሐዲድ 750 ቮልት አለው፤ ከእግረኛው መንገድ ሆነሽ የሚታይሽን ብቻ መዝግቢ፤ የማይታየውን «አይታይም» በይ። አሊም ብቻሽን በጨለማ አትሂጂ። ሁለተኛው፣ ስሞችን ከትክክለኛ ቦታቸው ጋር አታትሚ። በ2016 የለንደኑ ኩዊን ሜሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ማንነቱን ደብቆ የሚሥለው የባንክሲ ናቸው የሚባሉ 140 ሥራዎች ያሉበትን ቦታ ወስደው፣ ነፍሰ ገዳይ ለማደን በተሠራ ዘዴ ስሌት ሠርተው፣ ወደ አንድ ሰው አድራሻዎች የሚጠቁም ውጤት አወጡ። ባንክሲ ጠበቃ አለው። እዚህ ሰፈር ምሰሶ ላይ የሚጽፈው የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የለውም። የአንድ ፊርማ ነጥቦች ብቻቸውን ሲታዩ ከቤት ወደ ትምህርት ቤት መንገድ ሊሆኑ ይችላሉ። በክፍል ደረጃ ደምረሽ አሳዪ፤ ፎቶዎቹን ለራስሽ አስቀምጪ፤ ፊትና ታርጋ ያለበትን አጥፊ።

አዲስ አበባን በተመለከተ፣ የመቁጠሪያው ዘዴ እንዳለ ይሄዳል፤ ለከተማው የሚሆነውን ፕሮጀክሽን፣ ዩቲኤም ዞን 37ን፣ መጠቀምሽን አትርሺ እንጂ። የማይሄደው ዝርዝሩ ነው። እዚያ ግድግዳ ላይ የሚበዛው የጸሐፊ ስም አይደለም፤ ስልክ ቁጥር ነው። የፍሳሽ መምጠጫ መኪና፣ የቧንቧ ሠራተኛ፣ ደላላ። «ማስታወቂያ መለጠፍ ክልክል ነው» የሚለው ጽሑፍ ራሱ ግማሽ አጥር ይዞ ታገኚዋለሽ። እሱን በየትኛው ሣጥን እንደምታስገቢው ሳትወስኚ እንዳትወጪ! የግንባታ ቆርቆሮ አጥር ደግሞ ለብቻው ዓይነት ይሁን፤ ከወር በኋላ ስትመለሺ ላይኖር ይችላል። የኮሪደር ልማቱ ባለፈበት መንገድ ላይ አጥሩ ብቻ ሳይሆን ሕንፃውም ላይኖር ይችላል፤ የጠፋ ግድግዳን «ዜሮ ግራፊቲ» ብለሽ እንዳትመዘግቢው።

ያንን ግን ለሚቀጥለው ዓመት ተዪው። አሁን ቀዝቃዛው ሳይገባ 120ዎቹን አውጪ። ለአንድ ክፍል አሥር ደቂቃ ብትሰጪ አንድ ዙር ሃያ ሰዓት ነው፤ አራት ቅዳሜ። ያለሽን ሂት ማፕም አትጣዪው። ርዕሱን ቀይሪና ምዕራፍ ሁለት ላይ አስገቢው፤ የባቡሩን መስመርም ባዶ እንደሆነ ተዪው።